ራዲዮ 3፦ የሆንግ ኮንግ የእንግሊዝኛ ጣቢያ

ከሆንግ ኮንግ ሕዝብ በዕለት ተዕለት ኑሮው እንግሊዝኛ የሚናገረው ከመቶ አምስት አይሞላም። የከተማዋ ቋንቋ ካንቶንኛ ነው። ያም ሆኖ መንግሥት የሚያስተዳድረው ራዲዮ ቴሌቪዥን ሆንግ ኮንግ፣ በምሕጻር አርቲኤችኬ፣ ከጣቢያዎቹ አንዱን በዋነኛነት ለእንግሊዝኛ ሰጥቷል። ይህ ጣቢያ ራዲዮ 3 ነው፤ በመካከለኛ ሞገድ 567 ኪሎ ኸርዝ እንዲሁም በኤፍኤም ይሰማል። አርቲኤችኬ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ በጀቱ ከመንግሥት ካዝና ይመጣል፣ ብዙዎቹ ሠራተኞቹም ደመወዝ የሚቆረጥላቸው እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ነው። አድማጩ ግን ለብዙ ዓመታት የጠበቀበት እንደ ቢቢሲ በራሱ ሚዛን የሚዘግብ የሕዝብ ጣቢያ እንዲሆን ነበር። የታሪኩ ውል ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሥርጭቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ጣቢያው መጀመሪያ ጂኦደብሊው፣ በዓመቱ ደግሞ ዜድቢደብሊው በሚል መለያ ይጠራ ነበር፤ የሚያሰማውም በዋነኛነት የእንግሊዝኛ ዝግጅት ነበር። በዚያን ጊዜ ራዲዮ መግዛት የሚችለው የቅኝ ገዢው ሹም፣ ነጋዴውና የባንክ ሠራተኛው ነውና ይህ አያስገርምም። ለቻይናውያኑ የከተማዋ ነዋሪዎች ራሱን የቻለ ጣቢያ የተከፈተው በ1934 ነው። ጃፓን በታኅሣሥ 1941 ከተማዋን ስትይዝ ራዲዮውም በእጇ ገባ፤ እንግሊዞች የተመለሱት በ1945 ክረምት ነው። በ1948 ጣቢያው «ራዲዮ ሆንግ ኮንግ» የሚለውን ስም አገኘ።

ከጦርነቱ በኋላ ከዋናው ቻይና የሚፈልሰው ሕዝብ ከተማዋን ሲያጥለቀልቃት የካንቶንኛው ክፍል እየገዘፈ ሄደ፤ እንግሊዝኛው በአንጻሩ ታናሽ ወንድም ሆነ። ተፎካካሪም መጣ፦ በ1949 በሽቦ የሚያሰራጨው ሬዲፊውዥን፣ በ1959 ደግሞ ኮሜርሻል ራዲዮ። ራዲዮ ሆንግ ኮንግ ከቢቢሲ የሚቀበለውን እያስተላለፈ፣ የአካባቢውን ወሬ ደግሞ የመንግሥት ማስታወቂያ ክፍል ጽፎ የሚሰጠውን እያነበበ ለረጅም ጊዜ ቆየ። በ1954 ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ከሆነ በኋላም ዜናው የሚዘጋጀው በሌላ ቢሮ ነበር። የራሱን የዜና ክፍል ያቋቋመው በ1973 ነው። ለእኔ የጣቢያው ትክክለኛ የልደት ዓመት ከ1928 ይልቅ 1973 ነው፤ ዜናውን ራሱ የማይጽፍ ራዲዮ ያው ማስታወቂያ ነጋሪ ነው። ቴሌቪዥን በ1970 ተጨምሮ ስለነበር በ1976 መሥሪያ ቤቱ የአሁኑን ስሙን ያዘ።

ስለ ራዲዮ 3 የሚያወራ ሰው የሙዚቃ አጫዋቹን ሬይ ኮርዴሮን ሳያነሳ አያልፍም። ከተማው በሙሉ «አጎት ሬይ» ይላቸው ነበር። የፖርቱጋል ዝርያ ካለው ቤተሰብ በ1924 እዚያው ሆንግ ኮንግ ተወለዱ። በወጣትነታቸው የእስር ቤት ጠባቂ፣ ቀጥሎም የባንክ ጸሐፊ ሆነው ሠርተዋል። በ1949 ሬዲፊውዥን ገቡ፤ በ1960 ወደ ራዲዮ ሆንግ ኮንግ ተዛወሩ። በ1964 ለሥልጠና ቢቢሲ ለንደን በተላኩበት ወቅት ቢትልስን አግኝተው ቃለ መጠይቅ አደረጉላቸው። ዘፋኞቹ በዚያው ዓመት ሆንግ ኮንግ ሲመጡ ሬይ ከእነርሱ ጋር ትውውቅ የነበራቸው ሰው ሆነው ጠበቋቸው። በ1970 የጀመሩት የሌሊት የሙዚቃ ዝግጅት ሃምሳ ዓመት ዘለቀ፤ በኋለኞቹ ዘመናት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ይሰማ ነበር። የሚያጫውቱት የቆዩ ዜማዎችን፣ የትልልቅ ባንዶችንና የጃዝን ሙዚቃ ነው። አድማጭ ስልክ ደውሎ ዘፈን ይመርጣል፣ እርሳቸውም በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው ሰላምታውን ለተባለው ሰው ያደርሳሉ። ጊነስ በ2000 በዓለም ላይ ለረጅም ዘመን የሠሩ የዲስክ አጫዋች ብሎ መዘገባቸው። ጡረታ የወጡት በ2021፣ በ96 ዓመታቸው ነው፤ በጥር 2023 አረፉ። በሆንግ ኮንግ ገዢው፣ ሰንደቅ ዓላማውና ሕጉ ሲለዋወጥ የእርሳቸው የሌሊት ሰዓት አልተነካም። ሙዚቃ ብቻ በማጫወታቸው ነው የሚል ይኖራል፤ ሊሆን ይችላል።

ጣቢያው ሌላም የማይናቅ ጥቅም አለው። ሆንግ ኮንግ በየክረምቱ በታይፉን፣ ማለትም በከባድ የባሕር ማዕበል ነፋስ ትመታለች። በ1962 ዋንዳ የተባለው ታይፉን ብቻ ከመቶ በላይ ሰው ገድሏል። የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤቱ የማስጠንቀቂያ ቁጥር ያወጣል፦ 1፣ 3፣ 8፣ 9 እና 10። 8 ቁጥር ሲወጣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ቢሮ ይበተናል፣ ጀልባዎች ይቆማሉ። ካንቶንኛ ለማይሰማ ሰው፣ ማለትም ለፊሊፒናዊቷ የቤት ሠራተኛ፣ ለኔፓላዊው የጥበቃ ሠራተኛ፣ ለሕንዳዊው ባለ ሱቅ፣ ይህን ማስጠንቀቂያ በየሰዓቱ የሚነግረው ራዲዮ 3 ነው። ጣቢያው ለእንግሊዝ ሹማምንት ተከፍቶ የስደተኛ ሠራተኛ መገልገያ መሆኑ ከታሪኩ ሁሉ ደስ የሚለኝ ክፍል ነው።

ፖለቲካው ግን ቀላል አልነበረም። የመጨረሻው እንግሊዛዊ ገዢ ክሪስ ፓተን «ደብዳቤ ለሆንግ ኮንግ» በተባለው የራዲዮ ዝግጅት በቀጥታ ለነዋሪው ይናገሩ ነበር፤ ዝግጅቱ እንግሊዝ ከተማዋን ለቻይና ካስረከበችበት ከ1997 ርክክብ በኋላም ቀጥሎ ሹሙም ተቃዋሚውም ተራ በተራ እየቀረበ የልቡን ሲናገርበት ኖሯል። ርክክቡ ገና ዓመት ሳይሞላው፣ በመጋቢት 1998፣ ሹ ሲሚን የተባሉ የቤጂንግ ደጋፊ ፖለቲከኛ አርቲኤችኬ በመንግሥት ገንዘብ መንግሥትን ያጥላላል ብለው ቤጂንግ ውስጥ ሆነው ከሰሱ። የዋና ዳይሬክተሯ ቼንግ ማንዪ ጉዳይ ደግሞ አለ። በ1999 ቤጂንግ ግዛቴ ናት የምትላት የታይዋን ተወካይ በጣቢያው ሐሳባቸውን እንዲገልጹ ከተፈቀደ በኋላ ወቀሳው በረታ፤ ብዙም ሳይቆይ ዋና ዳይሬክተሯ ወደ ቶኪዮ የንግድ ተወካይ ሆነው ተዛወሩ። መንግሥት ሹመት ነው አለ፤ ብዙ ሰው ግን ሽረት ነው ብሎ ተረዳው።

በ2010 ጣቢያው የአርትኦት ነጻነቱን የሚያረጋግጥ ቻርተር ተፈራረመ። ቻርተሩ ግን ሕግ አይደለም፤ ከመንግሥት ጋር የተደረገ ስምምነት ነው። የጣቢያው ነጻነት ቀድሞ በልማድ፣ በኋላም በዚህ ወረቀት ላይ ቆሞ ነበር እንጂ ሕግ አውጪው ምክር ቤት ያጸደቀው መከላከያ ኖሮት አያውቅም። ልማዱን የሚያከብር ሹም እስካለ ድረስ ይህ አልታወቀም።

ምልክቱ መጀመሪያ የታየው በቢቢሲ ላይ ነው። አርቲኤችኬ በ675 ኪሎ ኸርዝ የቢቢሲን ዓለም አቀፍ አገልግሎት ሃያ አራት ሰዓት ያስተላልፍ ነበር፤ በመስከረም 2017 ቦታውን የቻይና ብሔራዊ ራዲዮ ወሰደው፣ ቢቢሲም የክላሲካል ሙዚቃ ጣቢያ በሆነው በራዲዮ 4 የሌሊት ሰዓት ተወሰነ። በየካቲት 2021 ቤጂንግ የቢቢሲን የዓለም ዜና ቴሌቪዥን ስታግድ ያ የሌሊት ሥርጭትም ተነሳ። ከዚያ በፊት፣ በኅዳር 2020፣ የአርቲኤችኬ ራዲዮዎች በየቀኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የቻይናን ብሔራዊ መዝሙር ማሰማት ጀምረው ነበር።

በመጋቢት 2021 ፓትሪክ ሊ የተባሉ፣ በጋዜጠኝነት ሠርተው የማያውቁ የመንግሥት ሹም የመሥሪያ ቤቱ ዋና ዳይሬክተር ሆኑ። በጥቂት ወራት ውስጥ ዝግጅቶች ሳይተላለፉ ቀሩ፣ ከአንድ ዓመት በላይ የቆዩ ቪዲዮዎች ከኢንተርኔት ተነሡ፣ ነባር ጋዜጠኞች ለቀቁ። የበለጠው ዱላ ያረፈው ብዙ ተመልካች ባለው የቻይንኛ ቴሌቪዥን ላይ ነው። ራዲዮ 3 ዛሬም ዜናውን፣ ሙዚቃውንና የታይፉኑን ቁጥር ያሰማል፤ በሣምንቱ መጨረሻ ለኔፓልኛና ለኡርዱ ተናጋሪዎች የተመደበ ሰዓትም አለው። የ2010ሩ ቻርተር በስም አልተሻረም፤ ከ2021 ወዲህ ያለው አመራር የሚጠቅሰው ግን በአብዛኛው ጣቢያው በመንግሥትና በአገር ላይ ያለበትን ግዴታ የሚዘረዝረውን ክፍል ነው።