ግሎክ 19 እና ትውልዶቹ፦ ከእጀታው ቅርጽ እስከ ብረቱ ቆዳ

ግሎክ 19 የኦስትሪያ ሥሪት የሆነ ባለ 9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ነው። መጠኑ መካከለኛ ነው። ልብስ ስር ሲታጠቁት አያስቸግርም፤ ሲይዙትም ሙሉ እጅ ያሳርፋል። ካርታው 15 ጥይት ይይዛል። የአፈሙዙ ርዝመት 102 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ያለ ካርታ 600 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ከ1988 ወዲህ ምርቱ አልተቋረጠም። እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ግሎክ 19 የሚነሳው የዘወትር ጥያቄ "አሮጌው ይሻላል ወይስ አዲሱ?" የሚል ነው። ለዚህ መልስ ለመስጠት ሁለት ነገር ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንዱ የእጀታው ቅርጽ ነው። ሌላው ብረቱ ላይ ያለው ሽፋን ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

መነሻው

ታላቅ ወንድሙ ግሎክ 17 ነው። ቪየና አጠገብ ባለችው ዶይች ቫግራም የነበረው የጋስቶን ግሎክ ፋብሪካ ከዚያ በፊት ሽጉጥ ሠርቶ አያውቅም። የሚታወቀው በመጋረጃ ዘንግና ለሠራዊቱ በሚያቀርበው ቢላዋ ነበር። የኦስትሪያ ጦር ያረጀውን ዋልተር ፒ38 ሽጉጡን ለመቀየር ሲነሳ ሰውየው ባለሙያዎችን ጠይቆ፣ የሚፈልጉትን ሰምቶ ሥራውን ጀመረ። ሽጉጡ በ1982 ተመረጠና ጦሩ ፒ80 ብሎ ተቀበለው። ለጀማሪ ይህ ትንሽ ድል አይደለም። "17" የሚለው ቁጥር ብዙዎች እንደሚያስቡት ካርታው ከሚይዘው የጥይት ብዛት የመጣ አይደለም። የሰውየው 17ኛ ፓተንት ስለሆነ ነው።

19 የዚያ አጭር ቅጂ ነው። አፈሙዙ ከ114 ወደ 102 ሚሊሜትር አጠረ። እጀታውም የሁለት ጥይት ያህል ቦታ ቀነሰ። የ17 ረጅም ካርታ ለ19ም ይገባል፤ ከስር ትንሽ ብቅ ይላል እንጂ ያለ ችግር ይሠራል።

ትውልዶቹ

የመጀመሪያው ትውልድ የ17 ነው ማለት ይቻላል። ከ17 አካል ተቆርጠው የተሠሩ ጥቂት የመጀመሪያ ትውልድ 19ኞች እንዳሉ ሰብሳቢዎች ይናገራሉ፤ ክርክሩ ግን አልተዘጋም። ገበያ ላይ በብዛት የወጣው ሁለተኛው ትውልድ ነው። የእጀታው ፊትና ጀርባ እንዳያንሸራትት ጥቃቅን ካሬዎች ወጥተውለታል። ለጣት የተቀረጸ ጉድጓድ የለውም፣ መብራት መስቀያም የለውም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ሦስተኛው ትውልድ መጣ። ከአፈሙዙ ስር መብራት የሚሰቀልበት ሐዲድ ተጨመረ። ግራና ቀኝ የአውራ ጣት ማሳረፊያ ወጣ። እጀታው ፊት ላይ ደግሞ የጣት ጉድጓዶች ተቀረጹ። እነዚህ ጉድጓዶች እስካሁን ሰውን ለሁለት ይከፍላሉ። ጣቱ ልክ የገባለት ሰው ይወዳቸዋል። ጣቱ ወፍራም ወይም ቀጭን የሆነው ግን ጉብታው ላይ ያርፍና ይቆረቁረዋል። የታችኛው አካል ላይም እስከዚያ ሁለት የነበሩት ፒኖች (ክፍሎቹን የሚያያይዙ ትንንሽ ዘንጎች) በሂደት ሦስት ሆኑ። ሦስተኛው ትውልድ አዲስ መጥቶ እንኳ አልሞተም። በካሊፎርኒያ ሕግ ምክንያት አዳዲሶቹ ትውልዶች ለተራው ገዢ ስለማይሸጡ፣ ለብዙ ዓመታት እዚያ ሱቅ ውስጥ የሚገኘው እሱ ነበር።

አራተኛው በ2010 ወጣ። "Gen4" የሚለው ምልክት ስላይዱ (ሲተኮስ ወደኋላ ሄዶ የሚመለሰው የላይኛው ብረት) ላይ የተቀረጸው ያኔ ነው፤ ቀደምቶቹ እንዲህ ያለ ጽሑፍ የላቸውም። "ሁለተኛ"፣ "ሦስተኛ" የሚባሉት ሰው ወደኋላ ሄዶ ያወጣላቸው ስሞች ናቸው። እጀታው ከፊት ወደ ኋላ አጠር ብሎ ከጀርባው የሚለዋወጡ ሁለት ተደራቢዎች መጡለት። ይህ ትንሽ እጅ ላለው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው፤ ከአራተኛው ትውልድ ለውጦች ሁሉ ብልጫውን የምሰጠው ለዚህ ነው። የካርታ መልቀቂያው ተለቀ፣ ለግራኝም ወደ ሌላው ጎን መዞር ቻለ። ካዞሩት ግን ሁለቱም ጎን ላይ መያዣ ያለው አዲስ ካርታ ይፈልጋል፤ አሮጌው ካርታ የሚሠራው መልቀቂያው በመደበኛው ቦታ ሲሆን ነው። ስላይዱን የሚመልሰው ሞላም ከአንድ ወደ ተደራራቢ ሁለት ተቀየረ። በዚህ ሞላ መጀመሪያ ላይ ችግር ታይቶ ነበር። ኩባንያው በ2011 በነጻ ይቀይር ጀመር። ጥፋቱን አልሸፋፈነም፣ ይህ ሊነገርለት ይገባል።

አምስተኛው ትውልድ በነሐሴ 2017 መጣ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ የግሎክን ባለ 9 ሚሊሜትር ሽጉጦች መርጦ ነበር። ለእሱ የተሠሩት 17ኤም እና 19ኤም ለአዲሱ ትውልድ መንገድ ጠርገዋል። የጣት ጉድጓዶቹ ጠፉ። ሦስተኛው ፒን ተነስቶ እንደ ድሮው ሁለት ብቻ ቀረ። የስላይድ ማቆሚያው በሁለቱም ጎን ሆነ። የካርታ ማስገቢያው አፍ ሰፋ፣ የአፈሙዙም የውስጥ ቅርጽ ተሻሻለ። እንግዲህ እጀታውን ብቻ ለሚያይ ሰው አምስተኛው ከሦስተኛው ይልቅ ለሁለተኛው ይቀርባል። የፈረንሳይ ጦር በ2020 የመረጠው የዚህን ትውልድ ግሎክ 17 ነው። 19ን በተመለከተ ደግሞ ሲልስ የሚባሉት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ልዩ ወታደሮች አራተኛውን ትውልድ ይዘው ሲግ ሳወር ፒ226 የተባለውን ሽጉጥ መተካታቸው ብዙ ተወርቶለታል።

ሽፋኑ

ብዙ ሰው ጥቁሩ ቀለም ሲነሳ "ሽጉጡ አለቀ" ይላል። አላለቀም። በቀደሙት ትውልዶች ስላይዱና አፈሙዙ ቴኒፈር በሚባል ዘዴ ይታከሙ ነበር። ብረቱ ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በጋለ የቀለጠ ጨው ውስጥ ይነከራል። ናይትሮጅንና ካርቦን ወደ ብረቱ ይሰርጋሉ። ላዩ ይጠነክራል፣ ዝገትም በቀላሉ አይደፍረውም። ጥልቀቱ ከ0.04 እስከ 0.05 ሚሊሜትር ነው ይባላል። ስለዚህ ቴኒፈር የተለጠፈ ነገር ሳይሆን የብረቱ የራሱ ቆዳ ነው። ጥቁሩ ከዚያ በኋላ ላዩ ላይ የሚመጣ ቀጭን ሽፋን ነው፤ እሱ ቢሄድም ቆዳው ቦታው ላይ አለ።

ብዙ ዓመት ወገብ ላይ በሚታጠቁት የሽጉጥ ማህደር ውስጥ የኖረ ሦስተኛ ትውልድ 19 አንሱ፤ ባዶ መሆኑን አረጋግጡና መብራት ስር አድርጉት። ስላይዱ ጫፍ ላይ፣ ግራና ቀኝ ጥጎቹ ጥቁሩን አራግፈው ብርማ ግራጫ ሆነዋል። ፈታ ስታደርጉት አፈሙዙ ጫፍ አጠገብ ከላይ በኩል ፈገግታ የሚመስል የተፋተገ ቅስት ታያላችሁ። ስላይዱ በሄደ በመጣ ቁጥር የሚነካው ቦታ ነው። ጥፍራችሁን ከጥቁሩ ወደ ግራጫው ብትጎትቱት የሚሰማ ደረጃ የለም ማለት ይቻላል። ግራጫው ላይ ቡናማ ነጥብም አታገኙም።

ጥንካሬውን ኩባንያው በሮክዌል ሲ ልኬት 64 አካባቢ ያደርገዋል። ለሽጉጥ ስላይድ ይህ ከፍ ያለ ቁጥር ነው። "ለአልማዝ ሊደርስ ጥቂት ቀረው" የሚለው ወሬ ግን አያስኬድም። ልኬቱ ለጠንካራ ብረት እንጂ ለአልማዝ የተሠራ አይደለም።

የላዩ ጥቁር ከዘመን ዘመን ይለያያል። በሦስተኛው ትውልድ ዘመን ወፍራምና ሻከር ያለ፣ ብረት ድስት የሚመስል ጥቁር የወጣበት ጊዜ አለ፤ ዛሬም የሚናፍቁት ብዙ ናቸው። በ2010 አካባቢ ቴኒፈር ቀርቶ ሌላ የናይትሮጅን ማጠንከሪያ ተተካ። የዚያን ጊዜዎቹ ወደ ግራጫ ያደሉ ናቸው፤ ቶሎ ይጫራሉ ብለው ባለቤቶች ያማርራሉ። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ስመርና ከተማ የሚሠሩት ከኦስትሪያዎቹ በሽፋን ያንሳሉ የሚል ሐሜትም አለ። ልዩነቱን በእርግጠኝነት ያሳየ ፈተና አላየሁም፤ የኦስትሪያ ማህተም ያለበት ዋጋው ከፍ የሚለው በፍቅር ይመስለኛል።

አምስተኛው ትውልድ ኤንዲኤልሲ የሚባል ሽፋን ይዞ መጣ። አልማዝ መሰል ካርቦን ነው፣ ከስሩም የናይትሮጅኑ ቆዳ አለ። ጥልቅ ጥቁር ነው፣ ለስለስ ይላል፣ የማህደር ጭረትንም ከአራተኛው በተሻለ ይቋቋማል። በውጫዊ ገጽታ አዲሱ ያሸነፈው እዚህ ጋ ነው፤ ከዝገት በመከላከል ግን አሮጌው ቴኒፈር የሚታማ አይደለም። በ2018 የወጣው 19ኤክስ ደግሞ ኤንፒቪዲ የተባለ የአሸዋ ቀለም ሽፋን አለው። እሱ ግን የ19 ስላይድ በ17 እጀታ ላይ የተቀመጠበት ስለሆነ፣ ስሙ እንጂ መጠኑ ሙሉ በሙሉ 19 አይደለም።

ዝገት ከታየ በአብዛኛው የሚጀምረው ስላይዱ ላይ አይደለም። የስላይድ ማቆሚያው፣ መፍቻው መቆለፊያ፣ ከብረት የሆነ ማነጣጠሪያም ካለው እሱ ይቀድማሉ። እነዚህ ትንንሽ ክፍሎች ያንን ወፍራም ቆዳ አላገኙም፤ ሰውነት ላይ ሲታጠቁት ላብ የሚደርሳቸውም እነሱ ናቸው። ያገለገለ 19 የሚያይ ሰው፣ የትኛውም ትውልድ ይሁን፣ ከተላጠው ጥግ በፊት እነሱን አገላብጦ ቢያይ ይሻላል። ብርቱካናማ ዱቄት ካለ ዘይት በነካ ጨርቅ ይለቃል፤ ብረቱን የቦረቦረ ከሆነ ግን ክፍሉ ራሱ ይቀየራል።