ሽቶረርሃፍቱንግ ምንድን ነው?

ዋይፋያችሁን ያለ ይለፍ ቃል ለሰፈሩ ሰው ከፈታችሁ እንበል። የማታውቁት ሰው ገብቶ አንድ አልበም በሕገወጥ መንገድ አወረደ። የአልበሙ መብት ባለቤት በጠበቃው በኩል የሚልከው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የሚመጣው ለእናንተ ነው።

ራውተሩ ላይ ሃያ ስልክ ቢገናኝም ከውጭ የሚታየው አንድ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም የመስመሩ መለያ ቁጥር፣ ነው። እሱ ደግሞ የሚመራው የኢንተርኔት ውሉን ወደ ፈረመው ሰው ነው። የትኛው ስልክ እንዳወረደ ከሳሹ ማየት አይችልም።

ይህን ዓይነቱን ጣጣ የጀርመን ሕግ ሽቶረርሃፍቱንግ ይለዋል። በግርድፉ «የአዋኪ ተጠያቂነት» ብንለው ያስኬዳል። ጥፋቱን እናንተ አልሠራችሁም፤ ግን መንገድ ከፍታችኋልና ትጠየቃላችሁ ነው ነገሩ። በፈረንጆቹ 2010 የአገሪቱ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዋይፋዩን በደንብ ያልቆለፈ ግለሰብ በዚህ ሊጠየቅ ይችላል ብሎ ፈረደ። ካሳ አይከፍልም ነበር። ሆኖም «ሁለተኛ አይደገምም» ብሎ እንዲፈርምና የከሳሹን የጠበቃ ወጪ እንዲሸፍን ይጠየቅ ነበር።

ዱላው ክፉኛ ያረፈው ፍራይፉንክ በሚባሉት በጎ ፈቃደኞች ላይ ነው። ራውተር በጣሪያና በመስኮት እየሰቀሉ፣ አንዱን ከአንዱ እያያያዙ፣ ኢንተርኔታቸውን ለአላፊ አግዳሚው የሚያካፍሉ ሰዎች ናቸው። ደብዳቤውን ሲፈሩ የኢንተርኔት ትራፊኩን በቪፒኤን፣ ማለትም አይፒ አድራሻቸውን በሚሸሽግ መስመር፣ ወደ ሌላ አገር አዙረው ማውጣት ጀመሩ። ያለውን ያካፈለ ሰው እንደ ጥፋተኛ መደበቁ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የአውሮፓ ኅብረት ግን በ2000 ባወጣው መመሪያ፣ መረጃ ከማስተላለፍ ያለፈ ሥራ የሌለው ሰው በሚተላለፈው ነገር አይጠየቅም ብሎ ነበር። ፖስተኛ ፖስታው ውስጥ ላለው አይጠየቅም እንደማለት። ታዲያ ይህ ከለላ ለባለ ሱቅም ይሠራል? የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2016 ማክፋደን በተባለ፣ ክፍት ዋይፋይ በነበረው የጀርመን ነጋዴ ጉዳይ መለሰ። ደንበኛ ለመሳብ ነፃ ዋይፋይ የሚሰጥ ነጋዴም ከለላው አለው፣ ካሳ አይከፍልም። ግን የይለፍ ቃል እንዲያደርግ፣ ቃሉንም ማንነቱን ላልገለጸ ሰው እንዳይሰጥ ሊታዘዝ ይችላል። እዚህ ላይ አልስማማም። መታወቂያ የሚጠይቅ ኔትወርክ ክፍት አይባልም።

ጀርመን በ2017 ሕጓን አሻሽላ የጠበቃ ወጪውን ጣጣ አነሳች። የቀረው፣ የመብት ባለቤቱ ሌላ መላ ሲያጣ አንድ የተወሰነ ይዘት እንዲታገድለት መጠየቅ መቻሉ ነው።

የኢንተርኔት ውሉ ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ብዙ አቅራቢዎች መስመሩን ከቤት ውጭ ማካፈልን በውላቸው ይከለክላሉ። የሕጉ መሻሻል ይህን አይነካውም። አንቴና ከመስቀላችሁ በፊት እሱን አንቀጽ ፈልጋችሁ አንብቡ።