ሩጫ የሚያበዛ ቡድንን መግጠም፦ በአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል

የአሜሪካ ፉትቦልን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ረጅም ውርወራ ላይ ነው። ኳሱ 50 ያርድ ይበርራል፣ አንዱ ዘሎ ይቀልበዋል፣ ስታዲየሙ ይናወጣል። በኮሌጅ ፉትቦል ግን ለዚህ ብዙም ግድ የሌለው ቡድን አለ። ኳሱን ይዞ ይሮጣል። ሦስት ያርድ፣ አራት ያርድ፣ እንደገና ሦስት ያርድ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ እየገፋ እየገፋ ጎል መስመር ይደርሳል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ቡድን ሲመጣ ተጋጣሚው እንዴት እንደሚዘጋጅና ሜዳ ላይ ምን እንደሚገጥመው ያያል። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሕጉን በአጭሩ እናንሳ። በየወገኑ 11 ሰው ይሰለፋል። ሜዳው ከጎል መስመር እስከ ጎል መስመር 100 ያርድ ነው፤ 91 ሜትር ገደማ ማለት ነው። አጥቂው ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ አለው። ከገፋ አዲስ አራት ሙከራ ያገኛል። ካልገፋ ኳሱ ለተጋጣሚው ይሄዳል። እንግዲህ በእያንዳንዱ ሩጫ ሦስት ያርድ ተኩል የሚያገኝ ቡድን በሦስት ሙከራ 10 ያርዱን አልፏል። መወርወር አያስፈልገውም። አራተኛዋን ሙከራ ብዙ ቡድኖች ኳሱን በእግር ጠልዘው ለማራቅ ይጠቀሙባታል። ሩጫ የሚያበዛው ቡድን ግን አንድ ሁለት ያርድ ብቻ ከቀረው እዚያም ላይ ይሮጣል። ተከላካዩ ተገላገልኩ ሲል ገና አልተገላገለም።

ድሮ ሁሉም ሯጭ ነበር። ኳሱን ወደ ፊት መወርወር የተፈቀደው በ1906 ነው። ከዚያ በኋላም ሩጫው ለብዙ አሥርት ዓመታት ነግሦ ቆየ። በ1968 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ረዳት አሰልጣኝ ኤሞሪ ቤላርድ ዊሽቦን የተባለ አሰላለፍ አመጣ። ሦስት ሯጮች ከኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳሱን ተቀብሎ ማጥቃቱን ከሚመራው ተጫዋች፣ ጀርባ ይቆማሉ፤ አንዱ ቀረብ ብሎ፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ ራቅ ብለው። ቴክሳስ በዚህ አሰላለፍ 30 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። ኦክላሆማም ወሰደው። በ1971 በአንድ ጨዋታ በአማካይ 472.4 ያርድ ሮጠ።

ከዚያ ወዲህ ከታዩት ሁሉ የሚያስደነግጠው የነብራስካው ነው። በጃንዋሪ 2 ቀን 1996 የአሰልጣኝ ቶም ኦዝበርን ነብራስካ ያልተሸነፈውን ፍሎሪዳን ለዋንጫ ገጠመ። ፍሎሪዳ በውርወራ የተፈራ ቡድን ነበር። ጨዋታው 62 ለ 24 አለቀ። ነብራስካ በሩጫ ብቻ 524 ያርድ አገኘ። ኳርተርባኩ ቶሚ ፍሬዚየር ብቻውን 199 ያርድ ሮጧል። ከእነዚያ ውስጥ በአንዷ ሩጫ ላይ የያዘው ሁሉ እየተራገፈ 75 ያርድ ሄዶ ጎል ገባ።

በጉልበት የሚመጡት

እንደ ዊስኮንሲን፣ አይዋ እና ሚሺጋን ያሉ ቡድኖች የሚያደርጉትን አይደብቁም። በፊት መስመር የሚሰለፉት አምስቱ ግዙፍ ናቸው፤ ብዙዎቹ 140 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። ሁለቱ ተጋግዘው አንዱን ተከላካይ ይገፋሉ። ሌላው ከወዲያኛው ወገን ዞሮ መጥቶ ቀዳዳ ያሰፋል። ሯጩ ከኋላቸው ይገባል። ሁሉም ሰው ምን እንደሚመጣ ያውቃል፤ ማቆሙ ግን ሌላ ነገር ነው።

መከላከሉ የሚጀምረው መሐል ላይ ካለው ትልቅ ሰው ነው። የእሱ ዋና ሥራ አለመገፋት ነው። ሁለት ሰው ተደራርቦበት ቦታውን ካልለቀቀ፣ ከኋላው ያለው ላይንባከር፣ ማለትም የሁለተኛው መስመር ተከላካይ፣ ማንም ሳይነካው ሯጩን ይጥላል። በማግስቱ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው የላይንባከሩ ስም ነው። እኔ ግን እንዲህ ያለ ጨዋታ ሳይ ዓይኔ የሚሄደው ወደዚያ መሐል ሰውዬ ነው። እሱ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ከተገፋ ቀኑ ረጅም ይሆናል።

ሌላው ቁመት ነው። ዝቅ ብሎ የገባ ቀና ብሎ የገባውን ያነሳዋል። ለዚህ ነው አሰልጣኞች ሳምንቱን ሙሉ "ዝቅ በሉ" እያሉ የሚጮኹት። በስተጨረሻ ክፍተቶቹ አሉ። በአጥቂዎቹ መሐል ያለው እያንዳንዱ ክፍተት አንድ ባለቤት ተከላካይ አለው። ዳር ላይ ያለው ደግሞ ሯጩ በውጭ በኩል እንዳያልፈው ይዘጋል፤ ብዙ ሰው ወዳለበት ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። አንዱ የራሱን ክፍተት ትቶ የጓደኛውን ሊረዳ ከሄደ ቀዳዳው ይከፈታል። ጥሩ ሯጭ ለዚያች ቀዳዳ ነው የሚኖረው። በኖቬምበር 15 ቀን 2014 የዊስኮንሲኑ ሜልቪን ጎርደን ነብራስካ ላይ 408 ያርድ ሮጠ። ያውም አራተኛው ሩብ ሳይጀመር ወጥቶ። በከፍተኛው ዲቪዚዮን አዲስ ክብረ ወሰን ነበር። የቆየው ግን ሳምንት ብቻ ነው፤ የኦክላሆማው ሳማጄ ፔሪን ካንሳስ ላይ 427 ያርድ ሮጦ ወሰደው።

አሰልጣኙ ሌላም አማራጭ አለው። ከኋላ የሚጠብቀውን ሴፍቲ ወደ ፊት አምጥቶ ሩጫውን የሚያቆም ስምንተኛ ሰው ማድረግ ይችላል። ዋጋው ግን ውድ ነው። ኳርተርባኩ ኳሱን ለሯጩ የሚሰጥ መስሎ ያስቀረዋል። ሴፍቲው ወደ ፊት ሲሮጥ ከኋላው ማንም የለም። አሥር ጊዜ ሩጫ ያየ ዓይን አሥራ አንደኛውም ሩጫ ይመስለዋል።

በኖቬምበር 11 ቀን 2023 ሚሺጋን ፔን ስቴት ሜዳ ሄዶ 24 ለ 15 አሸነፈ። ፔን ስቴት በአገሪቱ ካሉት ምርጥ መከላከያዎች አንዱ ነበረው። በተለይ ኳርተርባክ የሚያሳድዱት ፈጣኖቹ ይፈራሉ። ሚሺጋን ምን አደረገ? መወርወር አቆመ። 32 ጊዜ በተከታታይ ሮጠ። በሁለተኛው አጋማሽ በይፋ የተመዘገበ አንድም ውርወራ የለውም። ብሌክ ኮረም 145 ያርድ ሮጠ። ኳርተርባኩ ጄጄ ማካርቲ በኋላ በኤንኤፍኤል፣ በፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ የተጫዋቾች ምርጫ 10ኛ ሆኖ የተወሰደ ልጅ ነው፤ ማለትም መወርወር የሚችል ሰው አጥቶ አይደለም። የተጋጣሚውን ትልቁን መሣሪያ ሥራ ፈት ለማድረግ ነው። ያው ቡድን በጃንዋሪ 2024 በዋንጫው ጨዋታ ዋሽንግተንን 34 ለ 13 ሲያሸንፍ 303 ያርድ ሮጧል።

ይህን ቡድን ማሸነፍ ይቻላል ወይ? ቲሲዩ የተባለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በዲሴምበር 31 ቀን 2022 አሸንፎታል፤ 51 ለ 45። በዚያ ዕለት የሚሺጋን የመጀመሪያዋ ሙከራ ራሷ የ54 ያርድ ሩጫ ነበረች። ቲሲዩ ግን አልተረበሸም። ጎል አፋፍ ላይ ሁለት ጊዜ ያለ ነጥብ መለሳቸው። ሁለት ውርወራ ጠልፎም በቀጥታ ጎል አስገባ። ሚሺጋን ወደ ኋላ ሲቀር ሰዓቱ አሳሰበውና ብዙ መወርወር ግድ ሆነበት። ሯጭ ቡድንን ከሩጫው የሚያስወጣው ብዙ ጊዜ የነጥብ ሰሌዳው ነው።

ትሪፕል ኦፕሽን

ሁለተኛው ዓይነት ጉልበትን ከማታለል ጋር ያጋባል። በአብዛኛው የሚታወቀው በሦስቱ የወታደራዊ አካዳሚ ቡድኖች ነው፤ አርሚ፣ ኔቪ እና ኤር ፎርስ። እዚያ የሚማሩ ልጆች ሲመረቁ መኮንን ሆነው ያገለግላሉ። የወታደር የክብደት መስፈርት አለ። ስለዚህ 140 ኪሎ የሚመዝኑ አምስት ሰዎችን መሰብሰብ ከባድ ነው። ቀለል ያሉና ፈጣን ልጆች ትልልቆቹን የሚያሸንፉበት ዘዴ ያስፈልጋል። ዘዴው ይህ ነው።

አሠራሩን ቀስ ብለን እንየው። ኳርተርባኩ ኳሱን ይቀበልና መሐል ለመሐል የሚገባው ፉልባክ ሆድ ላይ ያስጠጋዋል። እስካሁን አለቀቀውም። ዓይኑ ያለው ሆን ተብሎ ማንም ያልነካው አንድ ተከላካይ ላይ ነው። ያ ተከላካይ ፉልባኩን ለመያዝ ከገባ ኳርተርባኩ ኳሱን ስቦ ወደ ውጭ ይሮጣል። ካልገባ ለፉልባኩ ይተውለታል። ውጭ ላይ ሁለተኛ ያልተነካ ተከላካይ አለ። እሱ ኳርተርባኩን ሊይዝ ከመጣ ኳሱ ወደ ጎን ለሚሮጠው ሦስተኛ ሰው ይወረወራል። ካልመጣ ኳርተርባኩ ራሱ ይዞ ይሄዳል። ሁለት ተከላካዮች ማንም ሳይነካቸው ከጨዋታው ወጡ ማለት ነው። እነሱን መግፋት የነበረባቸው አጥቂዎች ደግሞ ሌላውን ይገፋሉ።

መልሱ ሲናገሩት ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ተከላካይ አንድ ሰው ይሰጠዋል። አንዱ የፉልባኩ ነው፣ አንዱ የኳርተርባኩ፣ አንዱ የውጪው ሯጭ። ኳሱ ይኑረው አይኑረው፣ የራስህን ሰው ትመታለህ። ኳሱን መፈለግ ክልክል ነው። አንዳንድ አሰልጣኞች ይህን ለማስለመድ ያለ ኳስ ያለማምዳሉ። አጥቂዎቹ ባዶ እጃቸውን ይሮጣሉ፤ ተከላካዮቹም የየራሳቸውን ሰው ይጥላሉ። ነገሩ ከልጅነት ልማድ ጋር ይጣላል። ይህ ተጫዋች ከልጅነቱ ጀምሮ ኳሱ ወዳለበት ሮጥ ሲባል ነው ያደገው። አሁን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተወው ይባላል። 60 ጊዜ በትክክል አድርጎ በ61ኛው ዓይኑ ከሸፈተ፣ ያቺ አንዷ 70 ያርድ ትሄዳለች።

እግርም አለ። የእነዚህ ቡድኖች አጥቂዎች ከወገብ በታች ተወርውረው ተከላካዩን ይጥላሉ። ተከላካዩ በእጁ ገፍቶ እግሩን ማትረፍ አለበት። ጉልበት ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ብዙ ክርክር ነበር። በ2022 ሕጉ ጠበቀና እንዲህ ያለው ምት በፊት መስመሩ አካባቢ ብቻ ተወሰነ። አርሚ በ2023 አሰላለፉን ቀይሮ ኳርተርባኩን ወደ ኋላ አራቀው፤ በ2024 ወደ ድሮው ተመለሰ። በዚያ ዓመት 12 ጨዋታ አሸነፈ፤ ኳርተርባኩ ብራይሰን ዴይሊ ኳሱን ይዞ እየሮጠ 32 ጊዜ ጎል መስመሩን አለፈ (ይህ ታችዳውን ይባላል)።

ይህ ዘዴ ውርወራ ጨርሶ ባይኖረውም እንደሚሠራ ጆርጂያ ሳውዘርን አሳይቷል። በኖቬምበር 23 ቀን 2013 ትልቁን ፍሎሪዳን በፍሎሪዳ ሜዳ 26 ለ 20 አሸነፈ። 429 ያርድ ሮጠ። ወርውሮ ያቀበላት አንዲት ኳስ የለችም።

ሳምንቱና ሰዓቱ

ትልቁ ችግር የዝግጅት ጊዜ ነው። ኮሌጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ይጫወታሉ። ተማሪዎች ስለሆኑ የልምምድ ሰዓታቸው የተወሰነ ነው። በዓመት አንዴ ብቻ ለሚያዩት አጨዋወት ያላቸው ጥቂት ቀን ነው። በልምምድ ላይ ተጋጣሚውን መስለው የሚጫወቱት ተጠባባቂዎች ደግሞ አርሚ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራውን በሦስት ቀን ሊቀዱት አይችሉም። ፍጥነቱ የሚታወቀው ቅዳሜ ዕለት ነው። ስለዚህ ብልጥ አሰልጣኝ ከበጋው ጀምሮ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ደቂቃ ይመድብለታል። በውድድር ዘመኑ መጨረሻ ላይ ረጅም ዕረፍት ያገኘ ቡድንም ይጠቀማል። ጆርጂያ ቴክ በ2008 ይህንኑ አጨዋወት ይዞ ብዙዎችን አስቸገረ። ብዙ የመዘጋጃ ቀን የነበረው ኤልኤስዩ (የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) ግን በዲሴምበር 31 ቀን 38 ለ 3 ረታው። ሕግ ነው ማለት ግን አይቻልም። በ2014 መጨረሻ ጆርጂያ ቴክ እንዲሁ ተዘጋጅቶ የመጣውን ሚሲሲፒ ስቴትን 452 ያርድ ሮጦ አሸንፏል።

ሰዓቱን በተመለከተ ከሴፕቴምበር 22 ቀን 2018 የበለጠ ምሳሌ አላውቅም። አርሚ ኦክላሆማ ሜዳ ላይ ኳሱን ከ44 ደቂቃ በላይ ያዘ። ጨዋታው ሙሉው 60 ደቂቃ ነው። የኦክላሆማ ኳርተርባክ ካይለር መሪ በዚያው ዓመት የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የሃይዝማን ሽልማትን የወሰደ ነው። ያን ዕለት ግን አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። የኦክላሆማው ላይንባከር ኬነዝ መሪ 28 ሰው በመጣል ተሳትፏል፤ ለአንድ ሰው በአንድ ቀን ይህ ከልክ ያለፈ ነው። ኦክላሆማ 28 ለ 21 ያሸነፈው በጭማሪ ሰዓት ነው።

ከዚህ የሚገባን መከላከሉ የተከላካዮች ብቻ ሥራ አለመሆኑ ነው። ኳስ የሚደርስህ ሰባት ስምንት ጊዜ ብቻ ከሆነ እያንዳንዷን ወደ ነጥብ መለወጥ አለብህ። በሦስት ሙከራ ተመልሶ መውጣት የደከሙትን ተከላካዮች እንደገና ወደ እሳቱ መላክ ነው። ለዚህ ነው ቶሎ ነጥብ ማስቆጠር ከምንም በላይ የሚረዳው። ኖተርዳም ይህን ያውቃል። ከኔቪ ጋር ከ1927 ጀምሮ በየዓመቱ ይገናኛል፤ የቀረው የ2020ው ብቻ ነው። ከ1964 ጀምሮ 43 ዓመት በተከታታይ ካሸነፈ በኋላ በ2007 በሦስተኛ ጭማሪ 46 ለ 44 ተሸነፈ። በ2024 ደግሞ ኔቪን 51 ለ 14፣ ያልተሸነፈውን አርሚን 49 ለ 14 ረታ። በሁለቱም ቀን ልዩነቱ ቶሎ ሰፋ። ሩጫ ቀስ ብሎ የሚሠራ ነው፤ ብዙ ነጥብ ሲቀርህ ቀስ ማለት አይቻልም።

ሁለት ሯጮች ሲገናኙስ? በየዲሴምበሩ አርሚና ኔቪ ይገጥማሉ። ኔቪ ያለው አናፖሊስ ሜሪላንድ ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ቅርብ ነው። የ2024ቱ ጨዋታም እዚያው አቅራቢያ ላንዶቨር ላይ ተደርጎ ኔቪ 31 ለ 13 አሸንፏል። እነዚህ ሁለቱ የሌላውን ዘዴ መማር አያስፈልጋቸውም። በየቀኑ ልምምድ ላይ የሚያዩት የሚቀራረብ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ነጥቡ ትንሽ የሚሆነው ለዚህ ይመስለኛል። በ2023 አርሚ 17 ለ 9 እየመራ ነበር። ኔቪ ሜዳውን አቋርጦ ጎል አፋፍ ደረሰ። በአራተኛው ሙከራ ኳርተርባኩ ራሱ ይዞ ገባ። የአርሚ ሰዎች ተከምረው ከመስመሩ በፊት አቆሙት። ሰዓቱ ላይ የቀረው 3 ሰከንድ ነበር።