ኦራቶሪዮ ምንድን ነው? ‹‹ልብስ የሌለው ኦፔራ›› ለሚሉም

መዘምራን ቫዮሊንና ትራምፔት አስከትለው አራት አምስት መዝሙር ከዘመሩ ‹‹ኦራቶሪዮ አቀረቡ›› ይባላል። ‹‹ሃሌ ሉያ›› ለብቻው ሲዘመርም ‹‹የሄንደል ኦራቶሪዮ›› የሚል ርእስ ይለጠፍበታል፤ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የሙዚቃ ደራሲ ሄንደል ከጻፈው፣ ‹‹መሲሕ›› ከሚባለው ባለሦስት ክፍል ሥራ፣ የሁለተኛው ክፍል መዝጊያ ብቻ ሆኖ ሳለ። ይሄ እንኳ ይታለፍ። የማይታለፈው ትንሽ ያነበበ ሰው መጥቶ የሚሰጠው እርማት ነው፦ ‹‹ኦራቶሪዮ ማለት አልባሳትና ትወና የጎደለው ኦፔራ ነው።››

ምንም አልጎደለውም። ኦራቶሪዮ ሶሎ ዘማሪዎች፣ መዘምራንና ኦርኬስትራ ሆነው ረጅም፣ አብዛኛውን ጊዜ ሃይማኖታዊ ታሪክ ያለ ትወና በዜማ የሚያቀርቡበት ሥራ ነው። ለአማርኛ ሰሚ ቅርቡ ምሳሌ የሬዲዮ ትረካ ነው። ተራኪው ስቱዲዮ ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ሲያነብ ‹‹መጋረጃ የጎደለው ቴአትር›› የሚለው የለም፤ ሰሚው ፈረሱንም ጎራዴውንም ቤቱ ሆኖ ያየዋል። በኦራቶሪዮ ይህን ሥራ የሚሠራው ሬሲታቲቭ ነው፤ ንግግር የመሰለ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሃርፕሲኮርድ (ከፒያኖ በፊት የነበረ ባለቁልፍ መሣሪያ) እና በቼሎ ብቻ የሚደገፍ፣ ታሪኩን የሚያራምድ ዜማ። አሪያው፣ የሶሎ ዘማሪው የስሜት ዜማ፣ ሲመጣ ታሪኩ ይቆማል። ተራኪው መጽሐፉን ጭኑ ላይ አሳርፎ ‹‹ለመሆኑ ይህ ሰው ምን ተሰምቶት ይሆን?›› እንደማለት ነው። በጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ በባኽ ‹‹የማቴዎስ ሕማማት›› ምሳሌው ልክ ይመጣል፦ ቴነሩ (ቀጭኑ የወንድ ድምፅ) ወንጌላዊ ሆኖ ይተርካል፣ ቤዙ (ወፍራሙ የወንድ ድምፅ) የኢየሱስን ቃል ይይዛል።

መዘምራኑ ላይ ስንደርስ ግን ምሳሌው ይጠባል። በትረካ ውስጥ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ሰው ጉሮሮ ነው የሚጮኸው። እዚህ ሕዝቡ ራሱ ቆሟል። በዚያው በባኽ ሥራ መዘምራኑ ‹‹ይሰቀል!›› እያሉ ይጮኻሉ፣ ጥቂት ቆይተው በምእመን ድምፅ ያለቅሳሉ። በሄንደል ‹‹መሲሕ›› ደግሞ ሶሎ ዘማሪዎቹ የማንንም ገጸ ባሕርይ አይዙም፤ ወደ 20 የሚጠጉት የመዘምራን ክፍሎች ናቸው ሥራውን የተሸከሙት። ስለዚህ መዘምራኑን ‹‹አጃቢ›› ማለት ትልቁ ስሕተት ነው።

የኦፔራው ጠበቃ ማስረጃ አያጣም። ‹‹ሄንደል ኦፔራ ጸሐፊ አልነበረም እንዴ?›› ይላል። ነበር። በ1732 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ‹‹አስቴር›› የተባለ ኦራቶሪዮውን ለንደን ውስጥ ሊያቀርብ ሲል፣ የለንደኑ ጳጳስ የቤተ መንግሥቱ ጸሎት ቤት ልጆች መድረክ ላይ እንዳይተውኑ ስለከለከሉ ያለ ትወና አቀረበው። እስከዚህ እንስማማ። ግን በዚያ ዘመን የለንደን ጣሊያንኛ ኦፔራ የመዘምራን ቡድን የሚባል ነገር አልነበረውም ማለት ይቻላል፤ የመጨረሻውን ኅብረ ዝማሬ የሚዘምሩት ራሳቸው ሶሎ ዘማሪዎቹ ነበሩ። ከኦፔራው ልብስ ቢቀነስም ሕዝብ ተጨምሮበታል። የአካባቢ መዘምራን፣ ቀን ሌላ ሥራ ውለው ማታ ኖታ የሚይዙ ሰዎች፣ ይህን ሥራ መያዝ የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው።

በሌላው ጫፍ ‹‹ከማኅሌት ጋር አንድ ነው›› የሚልም አለ። አይደለም። ማኅሌት ራሱ አምልኮ ነው። ‹‹መሲሕ›› ሚያዝያ 13 ቀን 1742 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ደብሊን ሲቀርብ ቦታው የሙዚቃ አዳራሽ ነበር፤ ቲኬት ተሽጦ ገቢው ለሁለት ሆስፒታሎችና በዕዳ ለታሰሩ ሰዎች ዋለ። ሴቶች ቀሚስ የሚነፋውን ክብ ማዕቀፍ፣ ወንዶች ጎራዴያቸውን ትተው እንዲመጡ የተለመኑትም ቦታ ለማብቃቃት ነው።

‹‹በመቶ የሚቆጠር መዘምራን ከሌለ ኦራቶሪዮ አይባልም›› የሚለውም መሠረት የለውም። ደብሊን የዘመሩት ከሁለቱ ካቴድራሎች የመጡ 32 ያህል ወንዶችና ልጆች ነበሩ። በ1784 በለንደኑ ቤተ ክርስቲያን በዌስትሚንስተር አቢ 500 ገደማ ሙዚቀኞችና ዘማሪዎች ተሰብስበው ዘመሩት፤ የብዛት ልማድ የተተከለው ሄንደል ከሞተ 25 ዓመት ቆይቶ ነው። ለ60 ዘማሪ 14 ወይም 15 ባለገመድ መሣሪያ ተጫዋች፣ ሁለት ኦቦና አንድ ባሱን (የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያዎች)፣ ሁለት ትራምፔት፣ ቲምፓኒ (ትልልቅ ከበሮዎች) እና ኦርጋን ወይም ሃርፕሲኮርድ ይበቃል። መዘምራኑ 120 ሆነው ባለገመዱ 14 ሆኖ ከቀረ ግን ቫዮሊኑ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ አይሰማም።

ገንዘብ የሚበላው ኦርኬስትራው ስለሆነ መዘምራኑ ሦስት ወር ሲለማመዱ ከኦርኬስትራው ጋር የሚገናኙት ብዙ ጊዜ በዝግጅቱ ቀን፣ ለሦስት ሰዓት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ከቁጥር አንድ ጀምሮ በተርታ መሄድ ኪሳራ ነው። በ‹‹መሲሕ›› ትራምፔት ያለባቸው አራት ቦታዎች (‹‹ክብር ለእግዚአብሔር››፣ ‹‹ሃሌ ሉያ››፣ የቤዙ የመለከት አሪያና የመጨረሻው ኅብረ ዝማሬ) መጀመሪያ ይሠሩና ትራምፔተኞቹ ይለቀቃሉ፤ ሬሲታቲቮቹ ሌላው ሲበተን ከሃርፕሲኮርዱና ከቼሎው ጋር ይቀራሉ። ማታ ደግሞ ትራምፔቱ ብዙ ተቀምጦ ስለሚቀዘቅዝ ድምፁ ይወርዳል፤ ተጫዋቹ ከመነሣቱ በፊት በዝምታ ትንፋሽ እየነፋ ሊያሞቀው ይገባል። ኖታውም ቢሆን አንድ እትም ይሁን። የሁለቱ ኖታ አሳታሚዎች፣ የኖቬሎና የቤረንራይተር፣ ቁጥሮች ስለማይገጥሙ ‹‹ቁጥር 26!›› ሲባል ግማሹ ሌላ ገጽ ይገልጣል።

ከ‹‹መሲሕ›› ውስጥ ‹‹ሕፃን ተወልዶልናልና›› የሚለውን ክፍል ተመልከቱ። ዜማውን ሄንደል የወሰደው ‹‹መሲሕ››ን በጻፈበት በ1741 ከደረሰው የጣሊያንኛ የፍቅር ዱየት (የሁለት ሰው ዝማሬ) ነው። እንግሊዝኛው ላይ ‹‹ፎር›› (በአማርኛው መጨረሻ ላይ ያለችው ‹‹ና››) የምትለዋ አያያዥ ቃል ያለ ወጓ ከባድ የሆነችው ጣሊያንኛው እዚያ ቦታ ላይ ‹‹ኖ!››፣ አላምንህም፣ ስለሚል ነው። ልምድ የሌለው መሪ ‹‹ፎር››ን ያስጮኻል፤ ልምድ ያለው አቅልሎ ክብደቱን ‹‹ተወለደ›› ላይ ያሳርፋል። ‹‹ቅዱስ ሙዚቃ ከዓለማዊ ዜማ ጋር አይነካካም›› ለሚለውም ይቺ አንዷ ዱየት ትበቃዋለች።

ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ሌላ ጣጣ አለበት፦ ማጥበቅና ማላላት። ‹‹ይሰማል›› ሲጠብቅ ድምፁ ተሰማ ማለት ነው፣ ሲላላ እሱ ይሰማል። ‹‹ይ›› ረጅም ኖታ ላይ ተዘርግታ ‹‹ሰ›› ሳትጠብቅ ካመለጠች ትርጉሙ ተገለበጠ። ስለዚህ የሚጠብቀው ፊደል ረጅሙን ኖታ ተከትሎ ሳይሆን አጭር ኖታ ላይ እንዲወድቅ ቃሉ ይመረጣል፤ የቀለም ብዛት ቆጥሮ መግጠም አይበቃም።

‹‹ሃሌ ሉያ›› መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ድንገት ጸጥ ይላል፤ ትራምፔቱም ቲምፓኒውም። ከዚያ የመጨረሻው ቀርፋፋ ‹‹ሃሌ ሉያ›› ይመጣል። ቃሉ ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ አፍ ስለለመደው በዚያች ጸጥታ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ‹‹ሃ—›› ይላል። ብዙ ጊዜ ቴነር ነው። መድኃኒቱ ጸጥታውን በቃል መቁጠር ሳይሆን ከዚያ በፊት ያለውን ገጽ በቃል አጥንቶ ዐይንን ከመሪው ዱላ አለመንቀል ነው፤ ዱላው እስኪነሣ ትንፋሽ አይሳብም፤ ትንፋሽ ከተሳበ ድምፅ ይከተላል።