ካቨንዲሽ ምንድን ነው?

የፒፓ ትምባሆ ቆርቆሮ ላይ ካቨንዲሽ የሚል ካያችሁ የትምባሆ ዘር እንዳይመስላችሁ። የአሠራር ስም ነው። ቨርጂኒያ ወይም በርሊ የሚባለው ቅጠል በእንፋሎት ይታጠናል፣ በስኳር ወይም በሌላ ጣፋጭ ይለወሳል፣ ከዚያ ተጨፍልቆ ይቆያል። ጠቆርና ለስለስ ብሎ ይወጣል። (ሳንባ ግን ስኳሩን አይቶ አይምርም።)

ስሙ የሰው ነው። ቶማስ ካቨንዲሽ የሚባል እንግሊዛዊ መርከበኛ በ1585 ወደ ቨርጂኒያ ሄዶ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ ቅጠሉን በስኳር ማለስለስ የጀመረውም እሱ ነው እየተባለ ይወራል። ወሬ ነው። ከ1586 እስከ 1588 ዓለምን በመርከብ መዞሩ ግን የተመዘገበ ነው።

ከሰውም በፊት ካቨንዲሽ እንግሊዝ አገር ሰፎክ ውስጥ ያለች መንደር ናት፤ የቤተሰቡ ስም የመጣው ከዚያ ነው። እኛ ጋ የአባት ስም በየትውልዱ ይለወጣል፣ እንግሊዞች ግን አንዱን ስም ለዘመናት ስለሚጎትቱት ካቨንዲሹ በዝቷል። ሃይድሮጅንን በ1766 ለይቶ ያሳወቀው ሄንሪ አንዱ ነው። ሀብታም ነው፣ ግን ሰው ሲያይ ይጨንቀዋል፤ ራቱን እንኳ ወረቀት ላይ ጽፎ ነበር የሚያዘው። ካምብሪጅ ያለው የካቨንዲሽ ላቦራቶሪም ስሙን ከዚሁ ቤተሰብ ወሰደ፤ ኤሌክትሮን በ1897 የተገኘው እዚያ ነው። ብስክሌት የምትከታተሉ ደግሞ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ላይ 35ኛ የዙር ድሉን ያገኘውን ማርክን ታውቁታላችሁ።

ለእኛ የሚቀርበው ግን ካቨንዲሽ የሚባለው ሙዝ ነው። የደቮንሸሩ መስፍን ዊሊያም ካቨንዲሽ ጆሴፍ ፓክስተን የሚባል ጎበዝ አትክልተኛ ነበረው። ፓክስተን ከሞሪሺየስ የመጣ የሙዝ ችግኝ ቻትስወርዝ በሚገኘው የመስፍኑ ግቢ፣ በዚያ ብርድ፣ መስታወት ቤት ውስጥ አሳድጎ በ1835 አበበለት። ስሙንም በጌታው ሰየመው። በዓለም ገበያ ግን ለብዙ ጊዜ በብዛት ይሸጥ የነበረው ግሮ ሚሼል የሚባለው የሙዝ ዓይነት ነበር። ኋላ አፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ፣ የፓናማ በሽታ የሚሉት፣ ግሮ ሚሼልን እርሻ በእርሻ ጨረሰው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ በቦታው የተተከለው በሽታውን የሚቋቋመው ካቨንዲሽ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የአርባ ምንጭ ሙዝ ብላችሁ የምትገዙትም በአብዛኛው ከዚሁ ወገን ነው። ችግሩ፣ አሁን ቲአር4 የሚባል የዚያው ፈንገስ ሌላ ዓይነት ካቨንዲሽንም እያጠቃ ነው፤ አፍሪካ ውስጥ በ2013 ሞዛምቢክ ላይ ተገኝቷል።