ትእምርት ምንድን ነው? የክፉ ገጸ ባሕርይ ሁለት ፊት በአንድ ዕቃ ላይ

በልቦለድ ውስጥ ትእምርት የምንለው ራሱን ሆኖ ሳለ ከራሱ ያለፈ ነገር የሚያመለክት ዕቃ፣ ቦታ፣ ቀለም ወይም እንስሳ ነው። በር በር ነው፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ደራሲው ደጋግሞ ሲያመጣው ግን የባለቤቱ ጠባይ መናገሪያ ይሆናል። ስኮትላንዳዊው ደራሲ ስቲቨንሰን በ1886 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የዶክተር ጄኪልና የሚስተር ሃይድ ታሪክ ያደረገው ይህንኑ ነው። የተከበረው ሐኪም የጄኪል ቤት ከፊት ሲታይ ያማረ ነው፤ ሃይድ የሚገባበት የጓሮ በር ግን ቀለሙ የተላላጠ፣ ደወልም ማንኳኪያም የሌለው ነው። ጄኪልና ሃይድ አንድ ሰው ናቸውና ሁለቱም በሮች የሚያስገቡት ወደ አንድ ሰው ቤት ነው።

የእኛ ብዙ ድርሰቶች እዚህ ላይ ይቸኩላሉ። ክፉው ሰው ብቅ ሲል ጅብ ይጮኻል፣ ሰማዩ ይጠቁራል። እንዲህ ያለው ምስል የምናውቀውን ክፋት ይደግምልናል እንጂ ስለ ሰውየው አዲስ ነገር አይነግረንም። የበግ ለምድ የለበሰው ተኩላም መፍትሔ አይሆንም፤ እሱ ግብዝ ነው፣ ለምዱ ሲገፈፍ የሚቀረው ተኩላው ብቻ ነው። ሁለት ባሕርይ ያለው ሰው ግን ቢገፍፉትም ሁለት ነው። ደግነቱም የምር ነው፣ ጭካኔውም የምር ነው።

ይህን ልዩነት ጎጃም ውስጥ ማስረዳት ይቀላል። በዋሸራም ሆነ በዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ትምህርት ቤት ቅኔ ሲቆጥር ያደገ ሰው ሰምና ወርቅን ከኅብር ይለያል። በሰምና ወርቅ የሚፈለገው ወርቁ፣ ማለትም ከሰሙ ሥር የተሰወረው ፍች ነው፤ እሱ ከተገኘ ሰሙ ሥራውን ጨርሷል። በኅብር ግን አንዱ ቃል ሁለቱንም ፍች ይሸከማል። እኔ እንደማምነው፣ የክፉ ገጸ ባሕርይ ትእምርት መሠራት ያለበት በኅብር መንገድ ነው።

አንድ ምሳሌ ልፍጠር። በጮቄ ተራራ ግርጌ የሚኖር፣ የወይራ ከዘራ የማይለየው ጭቃ ሹም አለ እንበል። እሑድ እሑድ ዓይነ ስውር እናቱን ቤተ ክርስቲያን ያደርሳል። እጀታውን ለእሷ ይሰጥና እሱ የከዘራውን ጫፍ ይዞ ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ ድንጋይ ሲያገኝ ቀስ ይላል። እጀታው በእናቱ መዳፍ ብዛት ለስልሶ ያብረቀርቃል። ከዚያ ግብር ያጎደለ ገበሬ ይቀርብለታል። ጭቃ ሹሙ ከዘራውን ገልብጦ በጫፉ ይይዝና በእጀታው ጀርባውን ይለዋል። አያያዙ እናቱን ሲመራ የያዘበት አያያዝ ነው። ደራሲው ይህን አይነግረንም፤ ጣቶቹ የት ላይ እንዳረፉ ብቻ ያሳየናል። ክረምት ገብቶ የጨሞጋ ወንዝ ሲሞላ ደግሞ የዚያ ገበሬ ልጅ ውኃው መካከል ድንጋይ ላይ ተይዞ ይቀራል። ጭቃ ሹሙ ጉልበቱ ድረስ ገብቶ ጫፉን ጨብጦ እጀታውን ይዘረጋለታል። ልጁ እጀታውን ያውቀዋል፤ ያየው ግን በአባቱ ጀርባ ላይ ነው። ይያዘው ወይስ አይያዘው? አንባቢውም ልጁም እኩል ተጨንቀዋል።

እዚህ ላይ ከዘራው አልተለወጠም፤ ያረፈበት ሰው ነው የተለወጠው። ስለዚህ ሲያነቡ ዕቃውን ማን እንደነካው፣ ማን እንደሸሸው መከታተል ይጠቅማል። የደራሲ ትልቁ ፈተና ደግሞ ዝም ማለት ነው። «ከዘራው ፍቅርም በትርም ነበር» ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር የደከመበት ሁሉ ይፈርሳል።

በዚህ ዓይን እንደገና ቢነበብ ደስ የሚለኝ ገጸ ባሕርይ ፊታውራሪ መሸሻ ነው። የጎጃሙ ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙዎቻችን እሱን የምናስታውሰው በገበሬዎቹ ላይ በጫነው ግብርና በትዕቢቱ ነው። ይሁንና ልጁን ሰብለ ወንጌልን ይወዳል፤ ለዘሯ አይመጥኑም እያለ ጠያቂዎቿን ሁሉ ሲመልስ የሚያከብራት ይመስለዋል። እኔ የምከታተለው ቤቱን ነው። በክብር ያሳደጋት ቤት የወጣትነት ጊዜዋ እስኪያልፍ ያስቀራትም ቤት ነው፤ ሁለቱንም ያደረገው ያው አንድ አባት ነው።