ኦፕን ሶርስ ምንድን ነው? ለአገርስ ምን ይፈይዳል?

ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሥር ካሉት ኮምፒውተር ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ በሉ። ብዙ ሰው የሚመጣው የፋይዳ መታወቂያውን ሊያሳትም ነው። ማተሚያው የተገናኘበት ኮምፒውተር ላይ ያለው ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ክራክ ነው፤ ማለትም ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ፈቃድ የተጫነ። ፋይዳ ራሱ ግን የተገነባው ሞሲፕ በሚባል ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ላይ ነው።

ሁለቱም ያለ ክፍያ የተገኙ ናቸው። ልዩነታቸው ሌላ ቦታ ነው። ሶፍትዌር ሁሉ ፕሮግራመሮች የጻፉት ሶርስ ኮድ፣ ማለትም የሚሠራበት የትእዛዝ ጽሑፍ አለው። ብዙ ድርጅቶች ኮዱን ደብቀው፣ የሚሠራውን ቅጂ ብቻ ይሸጣሉ። ኦፕን ሶርስ ሲሆን ኮዱ ይፋ ነው። ማንም እንዲያነበው፣ እንዲያስተካክለውና እንዲያባዛው በጽሑፍ ተፈቅዶለታል። የኮንዶሚኒየም ቧንቧ ሲፈነዳ፣ መስመሩ በየት በየት እንደሚያልፍ የሚያሳይ ፕላን በእጅ እንደመያዝ ነው። የክራክ ተጠቃሚ ፕላንም ፈቃድም የለውም። ሰባሪው ውስጡ ምን እንደጨመረበትም አያውቅም።

ጤና ጣቢያዎቻችን ሪፖርት የሚልኩበትን ዲኤችአይኤስ ቱ የተባለ ሶፍትዌር እንይ። ሥራውን የሚመራው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ኮዱ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠርም ይሠራል፤ ጳጉሜን ያውቃታል። ለእኔ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ኮዱ የተዘጋ ቢሆን፣ አሥራ ሦስተኛ ወር እንዲጨምርልን ባለቤቱን ደጅ መጥናት ነበረብን።

በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ በቻይናው የስልክ አምራች በሁዋዌ ላይ የንግድ ገደብ ጣለች። ጎግል የአሜሪካ ድርጅት በመሆኑ፣ ከዚያ ወዲህ ከወጡት የሁዋዌ ስልኮች አብዛኞቹ ጎግል ፕሌይና ጂሜይል ሳይጫኑባቸው ለገበያ ቀረቡ። ስልኩን የሚያንቀሳቅሰውን ሶፍትዌር፣ የአንድሮይድን መሠረት ግን ማንም አልነጠቃቸውም፤ ኦፕን ሶርስ ነውና። በዚያው ላይ ሠርተው ቀጠሉ።

መቀጠል የቻሉት ግን ኮዱን ጠንቅቀው የሚያውቁ እጅግ ብዙ ኢንጂነሮች ስለነበሯቸው ነው። እኛን የሚያሳስበን እዚህ ላይ ነው። ኮዱ ክፍት ሆኖ የሚያነበው ሰው ከሌለ፣ ሲበላሽ ያው ውጭ አገር መደወላችን አይቀርም። ስለዚህ የመንግሥት ተቋም ሶፍትዌር ሲያሠራ ውሉ ላይ ሁለት ነገር ይግባ እላለሁ። ኮዱ ለተቋሙ ይሰጥ። ርክክብ የሚፈረመው ደግሞ የተቋሙ ባለሙያዎች አንድ ብልሽት በራሳቸው ጠግነው ካሳዩ በኋላ ይሁን።